የተመነጠረው ድንበር

ወንድሜ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ተረዳልኝ፤ አሁን የምነግርህን ማንም በክፋት አላደረገውም።

እንደምን ሰነበትክ? የሌሊቱ ሳል ቀለል አለልህ? ምግብስ ይወርድልሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ላምህም ደህና ናት፤ ከእኔ ይልቅ አንተን እንደምትወድ ግን በየጠዋቱ በእርግጫ ታስታውሰኛለች።

ባለፈው ሐሙስ ጎረቤቶች ተጠራርተው ማሳህን ሊያርሱልህ መጡ። አንተ ሆስፒታል ተኝተህ መሬትህ ጦሙን እንዳያድር ብለው ነው። ምሳቸውን ላዘጋጅ ጓዳ ገባሁ። ስወጣ በሁለቱ ማሳዎችህ መካከል ያሳደግከው ቁጥቋጦ የለም። ወይራው፣ ቀጋው፣ ስሙን አንተ ብቻ የምታውቀው ባለ ነጭ አበባው፣ ሁሉም ተመንጥሮ ተቆልሏል። የታመመ ሰው ማሳ ስለሆነ ዱር የበላው መስሏቸው፣ አዝነው ነው የመነጠሩት። ባለ ወፍጮው ላቡን እየጠረገ፣ እትዬ፣ አሁን ባለቤት ያለው መሬት መሰለ አለኝ። ምን ልበለው? ቀኑን ሙሉ ቀና ሳይል የዋለ ሰው ነው። እግዜር ይስጥልኝ አልኩት።

የቁጥቋጦው ንቦች ባቄላዬን ያፈሩልኛል፣ ወፎቹም ትሉን ይለቅሙልኛል ስትላቸው፣ ደመወዛቸውን ማን ይከፍላል ብሎ ያሾፍብህ የነበረው እሱ ነው። ለስንፍናህ ያበጀኸው ሰበብ መስሏቸው ነበር። የዚያ ሰሞን እኔም አብሬ ስቄአለሁ። ማምሻውን ወፎቹ መጥተው የተቆለለው ጭራሮ ላይ ሰፈሩ። ቆሜ ሳያቸው ራቴ አረረብኝ።

በማግሥቱ እያንዳንዱን ጉቶ ጎንበስ ብዬ ቅርፊቱን በጥፍሬ ፋቅሁት። አብዛኛው ውስጡ አረንጓዴ ነው። ከትምህርት ቤት የተረፈኝን ጠመኔ አውጥቼ ሕይወት ያለባቸውን ምልክት አደረግሁባቸው። ችግሩ ጉቶውን ሊነቅሉ በመጪው ሐሙስ መመለሳቸው ነው። ወንድሜ ይጻፍልኝና እንደሚለው እናደርጋለን ብዬ ለባለ ወፍጮው ነገርኩት። መሬት መሬቱን እያየ ወደ ወፍጮው ተመለሰ።

ሚስቱ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ግቢህን ጠርጋ፣ ከየቤቱ አግዳሚ ወንበር ለቅማ በረንዳህ ላይ ደረደረችው። ለየትኛው ለቅሶ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። መልሰሽ ውሰጂው አልኳት፤ ወንበሩን አንድ በአንድ አብሬያት ተሸከምኩ።

እኔ ብከለክላቸው የአስተማሪ ነገር ብለው ያልፉታል። ያንተን ቃል ግን አያልፉትም፤ መሬቱ ያንተ ነው።

ፈጣሪ ትንፋሽህን ያቅልልህ፤ ጎንህንም ይደግፍልህ። ያስታመሙህንም ሁሉ ይባርክ። የትኛው ጉቶ እንደሚቀር፣ ማረሻውም ከየት እንዲመለስ እንደምትፈልግ በገዛ እጅህ ጻፍልኝ። ለሌላ ሰው አታጽፍ፤ እጅህ ከደከመ አንድ መስመር ይበቃኛል። ለሁሉም አሳያቸዋለሁ። ሐሙስ ሳይደርስ ቶሎ መልስልኝ።

ታላቅ እህትህ