ጀልባው ላይ የቀረው እጅጌ

መጋቢት 18

ይህን ማስታወሻ የምጽፍበት ምክንያት አንድ ነው። ጋሼ፣ የእናቴ ወንድም፣ አንድን ነገር ሁለተኛ ጊዜ ሲተርኩት የመጀመሪያውን አይመስልም። ጀልባው ሲጠገን የሚሆነው ሁሉ፣ እንደሆነው ሆኖ የሚገኝበት አንድ ቦታ እንዲኖር እፈልጋለሁ። ለራሴ።

ዛሬ የተለየ ነገር የለም። የጀልባውን ሆድ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ዋልሁ። አሮጌ የፋይበርግላስ ጀልባ ነው፤ በሸራ የሚሄድ... ይባላል። ሸራ የለውም። በግራ ጎኑ ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ አለው። ሞክሬዋለሁ።

ጋሼ ዕድሜ ልካቸውን አውቶብስ ሲነዱ ኖሩ። ጡረታ ከወጡ ወዲህ መስኮት ሥር ተቀምጠው የሚያልፉትን ሾፌሮች ሲሳደቡ ይውሉ ነበር። በኋላ እሱንም ተዉት። ይህን ጀልባ አስጭነው የመጡ ዕለት ግን እያፏጩ ገቡ። ባለቤታቸው እትዬ በር ላይ ጠበቋቸው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ጀልባ።»

«እሱንማ አየሁት። ግቢውን ሞልቶት ልብሴን የት ላስጣ?»

ፍርዱ እዚያው ተሰጠ። እስከ ግንቦት መጨረሻ ካልተንሳፈፈ አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው በመጋዝ ቆራርጦ ይወስደዋል። እትዬ ቃላቸውን አያጥፉም።

መጋቢት 24

የጥገናውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር ጨረስሁ። ለጋሼ ማስረዳት ጀመርሁ። የመስታወት ጨርቁ፣ ከመስታወት ክር የተሸመነው፣ ይነጠፋል፣ ሙጫው ይቀባል፣ ማጠንከሪያው በጠብታ እየተለካ...

«ፕሮፌሰር፣ ስፖኪዮው የት ይሁን?»

የሸራ ጀልባ ስፖኪዮ እንደሌለው ነገርኋቸው።

«ታዲያ ከኋላ የሚመጣውን በምን ሊያይ ነው?»

መጽሐፉን አገላበጥሁ። ስለ ስፖኪዮ አንድ ቃል የለውም።

ሚያዝያ 2

ስፖኪዮ ተገጠመ። በግራም በቀኝም። ክላክስም።

ሚያዝያ 9

 

ጠዋት ቀዳዳው ላይ የመስታወት ጨርቅ ደራርቤ አነጠፍሁ። እንደ መጽሐፉ። የመጨረሻውን ሙጫ ግን ጋሼ በጠበጡት፤ ማጠንከሪያውን እንደ ሞተር ዘይት አንቆረቆሩበት። ማጠንከሪያ ሲበዛ ሙጫው እየጋለ ቶሎ ይደርቃል። ቀባነው። ከዚያ «ጨርቁ እንዳይንሸራተት» ብለው በክንዳቸው ደገፉት። ኮት ለብሰው! እትዬ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ኮቱን ለጡረታቸው መታሰቢያ በገዛ እጃቸው የሰፉላቸው ነው።

«ጋሼ፣ ክንድዎን ያንሱ።»

«ቆይ፣ ይቺን ልጨርስልሽ።»

ፍሬኑ እምቢ ያለበት የቁልቁለቱ ታሪክ ነው። ቁልቁለቱ በተነገረ ቁጥር ይረዝማል። ዛሬም ረዘመ። ሙጫው ግን እስኪጨርሱ አልቆየም።

«ሞቀኝሳ...» አሉ መሃል ላይ። ወደ ታሪካቸው ተመለሱ።

ሲጨርሱ ክንዳቸውን ሳቡ። ጀልባው ነቅነቅ አለ። ክንዳቸው አልመጣም። ከኮቱ ሾልከው ወጡ፤ ኮቱ ጀልባውን እንዳቀፈ ቀረ። ከትከሻው ላይ በመቀስ ቆረጥሁት። እጅጌው ከነቁልፎቹ ድንጋይ ሆኗል።

«ሾላ በድፍን» አሉኝ፣ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው።

አቋሜን በግልጽ አስታወቅሁ። ካልተጠየቅሁ አልናገርም፤ ከተጠየቅሁ አልዋሽም።

«ይሄ አቋም ነው ወይስ ወጥመድ?»

ሚያዝያ 15

ጋሼ ኮቱን እንደ ካባ ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ይውላሉ። በዚህ ሙቀት። ምሳ ላይ ሳይቀር።

«አሞሃል?» አሉ እትዬ።

«በረደኝ።» ላባቸው ሳህኑ ላይ ጠብ...

እትዬ ወደ እኔ ዞሩ። «አሞታል?»

«አላመማቸውም።» እውነት ነው። ሌላ ነገር አልተጠየቅሁም።

ሚያዝያ 28

ሸራውን መስፋት የሚችሉት እትዬ ናቸው።

«እሰፋለሁ» አሉ፤ «መጀመሪያ ግን ያንን ኮት አምጣና ልጠበው። ሸቷል።»

«ይሽተት።»

«እንግዲያው ሸራ የለም።»

ሸራ ከሌለ ጀልባ የለም። ጋሼ መስኮት ሥር ተመልሰው ተቀመጡ። አንድ ሾፌር በቀይ መብራት አለፈ። አልሰደቡትም... ሄጄ ለእትዬ እውነቱን ልንገራቸው? ካልተጠየቅሁ ያልሁት መርህ ነው ወይስ ፍርሃት?

ግንቦት 3

ጥያቄው በራሱ እግር መጣ። እትዬ ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። ልብስ አሁን የሚሰጣው ጀልባው ላይ ነው። ከሙጫው ሥር የእጅጌው ቁልፎች ሲያብለጨልጩ አዩ። ጎንበስ አሉ። ዳሰሱ።

«ይሄ የእኔ ስፌት ነው።»

«ስፌት ሁሉ ይመሳሰላል...» አሉ ጋሼ።

«አንተ ሰውዬ! የእኔ ስፌት?» ወደ እኔ ዞሩ። «የማን ነው?»

ተጠየቅሁ።

«የእርስዎ ነው፣ እትዬ።»

ጋሼ ካባቸውን አወረዱ። ባለ አንድ እጅጌ ኮት። እትዬ አዩት... አዩት... ጀልባውን ተደግፈው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ለዚህ ነው በረደኝ ስትል የከረምኸው? ይንሳፈፍና እንተያያለን!»

ከሰዓት በኋላ የስፌት መኪናቸው ሲንጣጣ ሰማሁ። ሸራ።

ግንቦት 22

ሐይቁ ላይ ዋልን። ተንሳፈፈ! ለጥቂት ጊዜ። ጋሼ ክላክሱን አንባረቁት፤ «መንገድ ልቀቁ!» ለዳክዬዎች። ስፖኪዮውንም አዩ። ከዚያ እግሬ ረጠበ። በቀኝ ጎኑ ልብ ያላልነው ስንጥቅ አለ። እኔ በባልዲ ስቀዳ፣ እሳቸው መሪውን ይዘው ስለ ቁልቁለቱ ሲተርኩልኝ ተመለስን።

ጎትተን ስናወጣው እትዬ በቀጥታ ወደ እጅጌው ሄዱ። ደረቅ።

«አያችሁ? የእኔ ስፌት ውሃ አያስገባም።»

አፌን ከፈትሁ። ከእጅጌው ሥር ያነጠፍሁት የመስታወት ጨርቅ አለ፤ ውሃውን የከለከለው እሱ ነው... እትዬን አየሁ። ጋሼ እሳቸውን ሲያዩ አየሁ። አፌን ዘጋሁ። አልተጠየቅሁማ! ዝም አይነቅዝም። እውነቱ እዚህ ተጽፏል፤ ይበቃዋል።

ግንቦት 23

አሮጌ ዕቃ ሰብሳቢው መጋዙን ይዞ ቀድሞ መጣ። እትዬ በር ላይ መለሱት።

«የሰፋሁትን ኮት ልትቆርጥ ነው?»

ሰውየው ጀልባውን አየ፣ እትዬን አየ፣ ሄደ። ጋሼ ከመስኮቱ ራቅ ብለው ያፏጫሉ።

የእትዬ ውሳኔ፦ ቀኙም እንደ ግራው በእጅጌ ይጠገን። መጽሐፉን ልጠቅስ አሰብሁና ተውሁት። ከሥሩ የማነጥፈውን የመስታወት ጨርቅ ለማንም አልነግርም። ጥያቄውን ግን በሥርዓቱ ለጋሼ እንዳቀርብ ታዝዣለሁ። ነገ ጠዋት የማነብላቸው ይህንን ነው፦

ጋሼ፣ የቀረውን የኮትዎን እጅጌ፣ ታጥቦ፣ ከነቁልፎቹ፣ እስከ ቅዳሜ ግንቦት 26 ጠዋት ድረስ ያስረክቡኝ። ክንድዎ ውስጡ ሳይኖር።