በሕይወት ላለች ልጅ የተተከለ ድንኳን

ለተከበሩ አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ጉልበትዎስ ተሻለዎት? እናቴ፣ እህቴ፣ ልጆቹ፣ ግቢው በሙሉ ደህና ናችሁ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ማለቴ ጤናዬን ነው እንጂ፣ ይህን የምጽፍልዎ በንዴት ነው። ቃሌ ከመረረዎ ይታገሡኝ።

በሽተኛ ልንጠይቅና ልንጸልይ ከጸሎት ማኅበራችን ጋር ባሕር መሻገራችንን ያውቃሉ። እዚህ ሆስፒታል የሰፈራችንን ልጅ፣ ሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋን አገኘናት። ጉሮሮዋ ላይ እባጭ ወጥቶባት ኦፕራሲዮን ሆናለች። አንገቷ ላይ ቱቦ ስላለ እሱ እስኪወጣ መናገር አትችልም። በብጣሽ ወረቀት ጽፋ የለመነችን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቴ እንዳትሰማ የሚል። እኔም ስደውልልዎ፣ አደራ አባባ፣ ይጸልዩላት እንጂ ስሟን አይጥሩ አልኩዎ። እርስዎስ? በጸሎት ጉባኤው ፊት ማይክራፎን ጨብጠው፣ ከነአባቷ ስም ጠርተው፣ በሰው አገር በጽኑ ታማለችና ጸልዩላት አሉ!

አባባ፣ እርስዎ ስንት መርዶ ያረዱ ሽማግሌ ነዎት። ባሕር ማዶ ያለ ሰው በጽኑ ታሟል ከተባለ፣ በእኛ ሰው ጆሮ ሞቷል ማለት እንደሆነ ይጠፋዎታል? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ ድንኳን ተተከለ፤ እናትየዋም ደረቷን ትደቃ ጀመር።

ትናንት ከለቅሶው ቤት ደወሉልን። እናትየዋ፣ ልጄ ካለች ድምጿን አሰሙኝ አለች። ስልኩን ልጅቷ አፍ ላይ ያዝኩላት። አፏን ከፈተች፤ ከቱቦው ትንፋሽ ሽው ከማለቱ በቀር ምንም የለም። እናትየዋ፣ አላልኳችሁም ወይ! ብላ እሪታዋን አቀለጠችው። ስልኩን ልወስድባት ስል ልጅቷ እጄን ያዘችኝ፤ የገዛ ለቅሶዋን እስከ መጨረሻው ሰማች። ከዚያ ምን ብላ ብትጽፍልኝ ጥሩ ነው? አሁን አልቅሰው ከጨረሱ፣ የምር ስሞት ማን ሊመጣልኝ ነው? መሳቅም ማልቀስም አቃተኝ።

ፎቶ ብንልክ የድሮ ነው ይላሉ። እናትየዋ እህል ትታለች አሉ፤ እዚህም ልጅቷ ነርሷ የምታመጣላትን ምግብ መመለስ ጀምራለች። ልናድን መጥተን ሁለት ሰው ልንገድል ነው። የቡድናችን መሪ እንደገና እንጸልይ ቢለኝ፣ መጀመሪያ አባቴ ለቅሶው ቤት ይሂዱ አልኩት።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰዎ ጫማዎን ያጥልቁ። ሰው እንዳይልኩ። በማይክራፎን የዘሩትን በእግርዎ ሄደው ይልቀሙት፤ ድንኳኑን ራስዎ ያስነቅሉ። ካላመነችዎ አጠገቧ ይቀመጡ። ብትሰድብዎም ይቻሉት፤ ልጅቷ ድምጿ ተመልሶ እስክትደውል ከዚያ ቤት ንቅንቅ እንዳይሉ።

የእናቴን ጉልበት ይሳሙልኝ። እህቴን፣ ባሏን፣ ልጆቹን፣ ያቺን ነገረኛ አክስቴንም ሳይቀር ሰላም ይበሉልኝ። ለልጅቷ እናት ግን ሰላምታው ከእኔ አይደለም፤ ከልጅዋ ነው። የሞተ ሰው ሰላምታ አይልክም ብለው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ
ከሆስፒታሉ የሴቶች መኝታ ክፍል ደጃፍ፣ ሐምሌ 4 ቀን