እንስሳ ለሌለበት የእንስሳት መጽሐፍ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር አቶ ኃይለመስቀል ማኑሄ
የመረዳጃ ማኅበራችን የሕፃናት መጻሕፍት አጣሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ካምፓላ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የጉልበትዎን፣ የወገብዎንና የደም ግፊትዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ ተሰብስቦ ስምንት እንስሳ መመርመር ቀላል ድካም አይደለምና አላህ ብርታቱን ይስጥዎ፣ ወንበርዎንም ያጽናልዎ። እኔ፣ ቡጎሎቢ ገበያ ውስጥ በአንዲት የስፌት መኪና ልብስ የምሰፋው ሲቲና አብዱልሰላም፣ ከነልጄ ከለይላ ደኅና ነኝ ለማለት ያህል ደኅና ነኝ። ቀድሞ «ጋሼ» ነበር የምልዎ፤ ዛሬ ቃሉ አልወጣ ስላለኝ በማዕረግዎ ብጠራዎ እንደ ድፍረት እንዳይቆጥሩብኝ። በግል ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ መልስ ለመስጠት ጊዜ ስላጡ፣ ይኼኛውን በማኅበሩ የዋትስአፕ ገጽ ላይ ማውጣቴ ሥራ ለማቅለል ነው።

ነገሩን ለማያውቁ ወገኖች ባጭሩ ላስረዳ። ለይላ ጧት ሕፃናት ማቆያ ትገባለች፣ ማታ ትወጣለች፤ እዚያ የምትሰማው ሉጋንዳና እንግሊዝኛ ነው። ባቲ ያለችው እናቴ ራሂማ ደግሞ የልጅ ልጇን በአካል አይታት አታውቅም፤ የሚተዋወቁት ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ በስልክ ነው፣ ሁለቱን የሚያገናኛቸውም አማርኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ልጄ ሁለት ዓመት ሊሞላት ሲል ከደንበኞቼ ቁርጥራጭ ጨርቅ መጽሐፍ ሰፋሁላት። ስምንት ገጽ ነው፤ ውሻ፣ ግመል፣ አህያ፣ ጅብ፣ አንበሳ፣ ላም፣ ዓሣና ዶሮ። ያገኘችውን ሁሉ ወደ አፏ ስለምትከት ዓይኖቹን በቁልፍ ሳይሆን በክር ሠራኋቸው። ወላሂ፣ አንድ ወር ሳይሞላ ልጅቷ መጽሐፉን ስልኩ ፊት እየዘረጋች ስሙን ጠርታ «ይሄ ምን ይላል?» ስትል፣ እናቴ ደግሞ ከባቲ ሆና የእንስሳውን ድምፅ ስትመልስ፣ ግማሽ ሰዓት ያወሩ ጀመር። የለይላ አማርኛ ያ መጽሐፍ ነበር፤ እናቴም በዚያ በኩል ነበር አያት የሆነችው።

ይህን እርስዎም በዓይንዎ አይተዋል። ምንጣፋችን ላይ ተቀምጠው፣ ለይላን ጭንዎ ላይ አድርገው፣ ገጹን እየገለጡ፣ ይህ ነገር ታትሞ ለማኅበሩ የቅዳሜ ትምህርት ልጆች ሁሉ መድረስ አለበት አሉ፤ ለኮሚቴው ላሳየውና በሳምንቱ እመልሰዋለሁ ብለውም ወሰዱት። ያለኝ እሱ ብቻ ነበር። ያለ ማመንታት ሰጠሁ፤ የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ከናይሮቢ አውቶቡስ ስወርድ፣ የሚቀበለኝ ሰው ቀርቶብኝ ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ፣ ሻንጣውን አንሥተው ወደ ምግብ ቤትዎ የወሰዱኝ እርስዎ ነዎትና። ለእንዲህ ያለ ሰው አደራ ሲሰጡ ቀን አይቆርጡም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

፩ኛ) ስለ ውሻው። በቃለ ጉባኤው እንዳነበብኩት፣ አቶ ጀምበሩ የተባሉ ክርስቲያን አባል የሙስሊም ወገኖቻችን ስሜት እንዳይነካ ውሻው እንዲወጣ አሳስበው በሙሉ ድምፅ ጸድቋል። ስለ ስሜቴ እንዲህ በመጨነቃችሁ ልቤ ተነክቷል። ውሻውን ከጂንስ ቁራጭ የሰፋሁት ሙስሊሟ እኔው መሆኔን ግን ጠቁሞ የነገራችሁ ሰው አልነበረም መሰለኝ፤ የምንከራይበት ግቢ ውሻም ልጄን በየቀኑ በር ድረስ ይሸኛታል።

፪ኛ) ስለ ግመሉ። በቀጣዩ ሳምንት ሐጂ ሸምሰዲን በተራቸው፣ ውለታ በውለታ መመለስ አለበትና፣ ክርስቲያን ወንድሞቻችንን ቅር እንዳይላቸው ግመሉ ይውጣ አሉ። ከክርስቲያኖቹ ማን ቅር እንዳለው ቃለ ጉባኤው አይናገርም፤ የሚናገረው አቶ ጀምበሩ ተነሥተው ማመስገናቸውን ነው። አጃኢብ ነው! እኔ ያደግሁት ባቲ፣ የግመል ገበያ አጠገብ፣ ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር አጥር ተጋርተን ነው። እነሱ የእነሱን ሥጋ ይበላሉ፣ እኛ የእኛን፤ ለሠርግም ለለቅሶም አንድ ድንኳን ውስጥ እንቀመጣለን፤ አንዱ ለሌላው ሲል ግመል ሲደብቅ ግን አይቼ አላውቅም። ካምፓላ መጥተን ይሉኝታችን አድጎ ነው መሰል፣ ሳንጠያየቅ ስንተዛዘን እንስሳቱን ጨረስናቸው። እናቴ ለለይላ በጣም የምታወራላት ስለ ግመል ነበር።

፫ኛ) አህያውና ጅቡ በአንድ ስብሰባ ስለተሸኙ እኔም በአንድ አንቀጽ እሸኛቸዋለሁ። አህያ ስድብ ነው ተባለ። ጅብ ደግሞ፣ ስሙ ሲነሣ ወደኔ ነው ብሎ የሚቀየም ሊኖር ይችላል ተባለ፤ ማን እንደሆነ ስላልተገለጸ፣ እኔም ከዚያ ወዲህ የኮሚቴውን አባላት ሳይ ማንኛቸው ይሆኑ እያልኩ እጨነቃለሁ።

፬ኛ) አንበሳው አራት ስብሰባ ፈጅቷል። ወደ ቀኝ ማየቱ ለምን፣ ወደ ግራስ ቢያይ ማን ምን ይላል፣ ቢቆም የማን ነው፣ ቢቀመጥስ የማን ይባላል። እኔ ከቢጫ መጋረጃ የሰፋሁት ሲመስለኝ ለካ ፓርቲ አቋቁሜ ኖሯል። በጊዜው አስቁማችሁኛልና ከእስር ያዳናችሁኝ ያህል እቆጥረዋለሁ።

፭ኛ) የላሟ ጉዳይ ቀንዷ ነው። ልጄ የምታውቃት ላም ማሳካ መንገድ ላይ የምናያት፣ ቀንዷ ክንድ የሚያህለው የዚህ አገር ላም ስለሆነች እንደዚያው ሰፋኋት። ኮሚቴው ይህ የእኛ ቀንድ አይደለም ብሎ እንዲያጥር ወሰነ፤ ካጠረ በኋላ የየትኛው ክፍለ ሀገር ላም ናት የሚል ጥያቄ ተነሣ፤ መልስ ሲጠፋ ላሟም ጠፋች። ዓሣውን በተመለከተ፣ ባለፈው ዓመት ጾም መካከል ስለደረሰ፣ ዓሣ ይጾማል አይጾምም የሚል ክርክር አስነሥቶ ሁለት አባላት ለሦስት ሳምንት ሰላምታ ተነፋፍገዋል። ከጋባ ሐይቅ ዳር በየቀኑ በብስክሌት የሚመጣ ዓሣ ይህን ያህል ፊትና፣ ይህን ያህል ጠብ መዝራቱን ባለማወቄ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

፮ኛ) ወደ ዶሮዋ ስመጣ፣ ክቡር ሆይ፣ ብዕሬ ለቀልዱ አልታዘዝ ይለኛል። በዚያ ስብሰባ ላይ እኔም ተጠርቼ ነበር። ከስምንቱ የቀረችው እሷ ብቻ ነበረች። አንድ አባል ተነሥተው፣ ሌሎቹ ወጥተው እሷ ብቻዋን ብትቀር አድልዎ ይመስላል አሉ። እኔ እርስዎን አየሁ። ሌላው ስለ መጽሐፉ የሚያውቀው በወረቀት ነው፤ እርስዎ ግን ልጄን ጭንዎ ላይ አድርገው ያቺን ዶሮ አሳይተዋታል፣ ለይላም «ዶሮ» ብላ እጇን በጉንጭዎ ላይ አድርጋለች። አንድ ቃል ይበቃ ነበር፤ ተዉ፣ ለሕፃን ነው ቢሉ ከዚያ ክፍል ውስጥ እምቢ የሚልዎ አልነበረም። እርስዎ ስልክዎን እያዩ ዝም አሉ። ድምፅ ይሰጥ ሲባል ደግሞ ከሁሉ በፊት እጅዎን አነሡ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ሲባል ስሰማ ኖሬያለሁ፤ ስወድቅ ግን የመጀመሪያዬ ነው፣ ሕመሙም ገና አልለቀቀኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ማኅበርተኛው ያውቀዋል። «የእንስሳት መጽሐፍ ለሕፃናት» በሚያብረቀርቅ ወረቀት ታትሞ፣ ኬክ ተቆርሶ፣ ተመረቀ። መግቢያ አለው፤ የሰብሳቢው መልእክት አለው፤ የመተዳደሪያ ደንባችን ከአንቀጽ አንድ እስከ ዘጠኝ አለበት፤ የአሥራ አንዱም የኮሚቴ አባላት ፎቶግራፍ ከነክራቫታቸው በየገጹ ተደርድሯል። እንስሳ ብቻ የለበትም። በመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ለሐሳቡ አመንጪ ለወይዘሮ ሲቲና ምስጋና ይድረሳት ይላል፤ ደርሶኛል።

የጨርቁ መጽሐፍም ተመልሶልኛል። ምግብ ቤትዎና ሱቄ የአምስት ደቂቃ መንገድ ቢሆንም፣ በቦዳ ሞተር ብስክሌት ነጂ እጅ፣ በጥቁር ፌስታል ነው የደረሰኝ። ስምንቱም ገጽ አለ። እንስሳቱ በምላጭ ተፈትተው ወጥተዋል፤ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ ቅርጻቸውን ይዞ ቀርቷል፤ በእያንዳንዱ ባዶ ገጽ ላይም «ታይቷል» የሚል ሰማያዊ ማኅተም አርፏል። ጨርቆቹ የት እንደደረሱ ጸሐፊውን ብጠይቅ ተወግደዋል አሉኝ። ሌባ እንኳ ቢሆን ሙሉውን ይወስዳል እንጂ ክሩን ቁጭ ብሎ አይፈታም። ስንት ሰዓት እንደፈጀባችሁ እኔ የሰፋሁት አውቀዋለሁና ስለ ትዕግሥታችሁ አመሰግናለሁ።

ሌላ ስፊ እንደሚሉኝ ይገባኛል። ሰፍቻለሁ። ነገር ግን የእኔንም ጥፋት ልናገር፤ አሥራ አራት ወር ሙሉ፣ በሚቀጥለው ሳምንት ይመጣል እያልኩ፣ ሌላ ሳልሰፋ ጠበቅሁ። ጨርቁም ክሩም እጄ ላይ ነበር። ሌላ ብሰፋና ድንገት ሱቄ ገብተው ቢያዩት፣ ጋሼ ኃይለመስቀልን አላምንም ያልኩ መስሎ ታየኝና አፈርኩ። አሥራ አራት ወር ለኮሚቴ አጭር ጊዜ ነው፤ ሁለት ዓመት ለሞላት ልጅ ግን ከኖረችው ዕድሜ ከግማሽ በላይ ነው። አሁን ሦስት ዓመት አልፏታል። አዲሱን መጽሐፍ ስዘረጋላት ላሟን «እንቴ»፣ ዶሮዋን «እንኮኮ» ብላ በሉጋንዳ ትነግረኛለች፤ በአማርኛ ልመልስላት ስል እኔ የተሳሳትኩ መስሏት ታርመኛለች። ልጄ ጎበዝ ናት፤ የተናገረችው ልክ ነው፤ እናቴ ግን አይገባትም።

ባለፈው ዓርብ እናቴ ደወለች። ለይላ ስልኩን ይዛ በሉጋንዳ ብዙ ነገር ነገረቻት። እናቴ አዳመጠች፣ አዳመጠች፣ ከዚያ የኔ እናት፣ የግመሉን ንገሪኝ እስቲ አለቻት። ልጅቷ ቃሉን እንደማታውቀው ቃል ሰምታ፣ ስልኩን መልሳ እጄ ላይ አድርጋ ሄደች። እናቴ ተቀይማኝ ነው ወይ አለችኝ። እንቅልፏ መጥቶ ነው አልኩ። ለእናቴ ዋሽቼ አላውቅም ነበር፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየሳምንቱ ምን ብዬ እንደምዋሽ ከሐሙስ ጀምሮ አስባለሁ።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የማቀርበው ልመና አንድ ብቻ ነው። ሌላ ስብሰባ አልጠይቅም፤ ይቅርታም በቃለ ጉባኤ ተይዞ እንዲመጣልኝ አልሻም። የፊታችን ዓርብ ከጁምዓ በኋላ እናቴ ስትደውል ስልኩን እርስዎ ያንሡልኝ። እናቴ ስምዎን ታውቀዋለች፤ ልጇን ከመንገድ ያነሣላት ሰው ብላ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትመርቅዎ ኖራለች። የልጅ ልጇ ለምን እንደማታናግራት ከእርስዎ አፍ ብትሰማው ሳይሻል አይቀርም፤ እኔ ብነግራት ኃይለመስቀል እንዲህ አያደርግም ብላ እኔኑ ትቆጣለች።

እስከዚያው ድረስ ለኮሚቴው ረጅም ዕድሜ፣ ለማኅተሙ ቀለም፣ ለምላጩ ስለት እየተመኘሁ፣ በዘጠኝ ዓመቱ ውለታዎ ታስሬ፣ በአሥራ አራት ወሩ ተፈትቼ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የቀድሞዋ ልጅዎ፣
ሲቲና አብዱልሰላም
ቡጎሎቢ፣ ካምፓላ

ማስታወሻ፦ የታተመውን መጽሐፍ ለለይላ አልሰጠሁም እንዳይሉኝ ሰጥቻታለሁ። ገጹን እየገለበጠች ስትሄድ የእርስዎ ፎቶ ላይ ደርሳ ጣቷን አፍዎ ላይ አደረገችና «ይሄ ምን ይላል?» አለችኝ፤ በአማርኛ። ጥቂት አሰብኩና፣ ይሄ ምንም አይልም አልኳት።