የመጀመሪያው እምቢታ

ረቡዕ፣ ኦክቶበር 13፣ 2021

ልጄ ብሌን የአልጀብራ ፈተና ወደቀች።

ከትምህርት በኋላ እኔ ከዌርሃውስ ሥራዬ እስክወጣ ላይብረሪ ነው የምትቆየው። ዛሬ ልወስዳት ስሄድ ተማሪዎችን የምታግዘውን ላይብረሪያን "ልጄን አታስጠኚያትም?" አልኳት።

"በመጣች ቁጥር ልርዳሽ እላታለሁ፤ ኖ ታንክስ ትለኛለች" አለችኝ። "ላስጨንቃት አልፈለግሁም።"

መኪና ውስጥ ብሌንን ለምን እምቢ እንዳለች ጠየቅኋት።

"አባዬ፣ በሄድኩ ቁጥር አንዴ ብቻ ነዋ የምትለኝ! ደግማ ብትለኝ እኮ እሺ እል ነበር።"

እኔ ነኝ እንዲህ ያሳደግኳት። ሰው ሲጋብዝሽ ወዲያው እሺ አትበይ፣ እስኪለምኑሽ ጠብቂ እያልኩ። እዚህ አገር ማንም ሁለቴ እንደማይለምን፣ አለቃዬን አንዴ አይ ብዬው ኦቨርታይም ሲያልፈኝ ገብቶኝ ነበር። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። የሚቀጥለውንም ፈተና ከወደቀች ትምህርቱን ትደግማለች።

ሞርስ ሮድ ላይ ካለው የሐበሻ ሱቅ ሽሮ ልንገዛ ገባን። ባለሱቁ "ጋሼ፣ ሻይ ልቅዳልዎት?" አለኝ።

"አይ፣ ይቅርብኝ" አልኩ፣ ሳላስበው።

ብሌን ቀና ብላ አየችኝ። ላይብረሪው ገና አልተዘጋም። ባለሱቁ "ኧረ በሞቴ!" እያለ ሲቀዳ፣ ሽሮውን ሚዛኑ ላይ ትተን ላይብረሪያኗን እሺ ልንላት ተመለስን።