ብሎኑን ማን አወጣው?

ንፋስ መውጫ፣ መስከረም ፲፰ ቀን ፲፱፻፶፱ ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጁነይዲ። ካርቱም ላይ አላህ ጥላ ከለላ ይሁንህ፤ ክፉ ዓይን አይይህ። እኔ ካንተ ናፍቆት በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ዝናቡ አባርቷል፤ ላሚቱም ወልዳለች።

ሞተርህን ወንድምህ ይማም ልጠግናት ብሎ ግቢ ውስጥ ፈታታት። ያ ችኩል፣ ቢስሚላ እንኳ ሳይል ካቻቢቴውን በጉልበት ቢያዞረው ብሎኑ ተሰብሮ ግማሹ ውስጥ ቀረ። ላምባ አፈሰሰበት፣ በመሮ ቀጠቀጠው፤ ንቅንቅ አላለም።

አርብ እሱ ለጁምዓ ሲወጣ እኔም ግቢውን ቆልፌ ጎረቤታችን ሀኒፋ ዘንድ ለቅሶ ደረስኩ። ስንመለስ ስባሪው ወጥቶ የሞተሯ መቀመጫ ላይ ተቀምጧል። ቁልፉ ከመቀነቴ አልተፈታም።

ይማም «ላምባው ነው ያላላው» ይለኛል። ታዲያ ነዳጅ መያዣው ላይ በቅባት የታተመው እጅ የማን ነው? የግራ እጅ ነው፤ ትንሿ ጣት የለችበትም። የሞተሯ ሰንሰለት ያንተን ጣት የቆረጣት ዕለት ደምህን ያጠብኩት እኔ ነኝ፤ እጅህ አይጠፋኝም። አልጠረግኩትም።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው ልጄ። ይህ ሲደርስህ ሁለት መስመር ላክልኝ። ሌላ ሰው አይጻፍልህ፤ «በቀኝህ ጻፍ» እያልኩ ስቆጣህ በኖርኩባት በግራ እጅህ ጻፍ። ከእንግዲህ ምንም አልልህም።

እናትህ ሰዒዳ