ደረጃ የማይወጣው ደብል ቤዝ

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ይህ ነው፤ የታመመው ሳንባዬ ነው እንጂ አእምሮዬ አይደለም። ዛሬ ረቡዕ፣ የካቲት ዘጠኝ ቀን፣ አልጋዬ ላይ ተደግፌ ማንም ሳያስገድደኝ እናዘዛለሁ። የሚጽፍልኝ ጎረቤቴ፣ ጡረተኛው የፍርድ ቤት ጸሐፊ ነው። የተባለውን ሁሉ እንዲጽፍ፣ የጻፈውንም እንዳይፍቅ ነግሬዋለሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሒሳብ አስተምሬአለሁና ስርዝ ድልዝ አልወድም።

አንደኛ። ቤቱ የልጄ ነው። ጣሪያውን በደመወዟ ያስጠገነች፣ እኔንም ያስታመመች እርሷ ናት። መጋረጃውን ግን ከሞትሁ በኋላ ትቀይር።

ሁለተኛ። መጻሕፍቴ ላስተማርሁበት ትምህርት ቤት ይሰጡ። መዝገበ ቃላቱ ይቅር፤ ምክትል ርእሰ መምህሩ ተውሶ ስድስት ዓመት አቆይቶብኛል።

ሦስተኛ። በመንገድ በኩል ባለው ክፍል የቆመው ደብል ቤዝ፣ ያ ከሰው ቁመት የሚበልጠው ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ፣ የታናሽ ወንድሜ ነው። ስለ እርሱ ረዘም አድርጌ እናገራለሁ።

ወንድሜ በሃያ ዓመቱ በሆቴል የዳንስ ባንድ ተቀጠረ። ዋልስ ሲጫወቱ ያልተጻፈ ነገር ጨምሮ በሦስተኛው ሳምንት ተባረረ። “ምን አጥፍተህ ነው?” ብዬ ብጠይቀው፣ “ዋልሱ እንቅልፍ ወስዶት ነበር፤ ቀሰቀስሁት” አለኝ። ከዚያ ወዲህ ጃዙን ከሠርግ ዘፈን፣ የማርሽ ባንዱን ምት ከእናታችን እሹሩሩ ጋር እያዋሐደ አርባ ዓመት ኖረ። አንድን ዜማ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ ተጫውቶ አያውቅም። አንድ ቀን ከመድረክ ሲወርድ “መሐል ላይ ተሳስተሃል” አልሁት። “አዎ፤ ስለ ወደድሁት ደገምሁት” አለ። ቅጂውን ባዳምጠው፣ እውነትም ውበቱ እዚያ ላይ ነበር።

አሁን ጥፋቴን ልናገር። ወንድሜ አራተኛ ፎቅ ላይ ቤት ሲከራይ፣ ቤዙ በደረጃው ይወጣ እንደ ሆነ እንድለካለት ለመነኝ። ሜትር ይዤ ሄድሁ። መታጠፊያው ላይ አንገቱን ወደ ታች ቢያዘነብሉት አራት ጣት ተርፎት ይወጣ ነበር። “አይወጣም” አልሁት። ባለቤቴ የሞተበት ዓመት ነበር፤ ከሥራ ስመለስ የቤቱ ጸጥታ ያስፈራኝ ነበር። ቤዙ እኔ ዘንድ ቀረ፤ ወንድሜም ለልምምድ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በየቀኑ በዐሥር ሰዓት በሬን አንኳኳ። እያወቅሁ የተሳሳተ መልስ የሰጠሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንደኛው ምስክር፣ የወንድሜ የባንድ ጓደኛ ከበሮ መቺው፣ ሳቁ አመለጠው።

“እትዬ ይሙቱ፣ እኛም ለክተነው ነበር!”

“እሱንማ እየተዘጋጀሁበት ነው። መቼ ለካችሁ?”

“እርስዎ በለኩ በማግስቱ፣ በገመድ። ‘ይወጣል እኮ፣ እናውጣው’ ስለው፣ ‘ተው፤ እህቴ አይወጣም ካለች አይወጣም’ አለኝ።”

ጸሐፊው፣ “ይሄም ይጻፍ?” አለ።

“ይጻፍ። የኔም ውሸት እንዳለ ይቆይ።”

ልጄ ሆይ፣ ያንን ክፍል ለስፌት መኪናሽ እንደምትመኚው አውቃለሁ። አጎትሽ “ቤዙ ይቅር” ካለ ግን፣ ጣቶቹ እስከ ሠሩ ድረስ ክፍሉ የእርሱ ነው፤ አንቺ ጓዳ ውስጥ ስፊ።

ምስክሮች፦ ከበሮ መቺው (ፊርማው እንደ ከበሮው ነው፣ ገጹን ሞልቶታል)፤ የታች ቤቷ ፋርማሲስት፤ ጸሐፊው ራሱ። ተናዛዧ በእጄ ፈርሜአለሁ።

ወንድሜ፣ ይህ ወረቀት ዛሬውኑ ይደርስሃል። ሕመምተኛ ይረበሻል ብለህ ሁለት ወር ሙሉ ቤዙን ሳትነካ፣ አጠገቤ ተቀምጠህ ትሄዳለህ። የረበሸኝ ጸጥታው ነው። ቤዙ ይውጣ ወይስ ይቅር? ብዙ ቀን የለኝምና መልስህን ነገ በዐሥር ሰዓት መጥተህ በቤዙ ንገረኝ። ከተሳሳትህም ድገመው።