አልጋ ላይ የቀረ ጉልበት

ማክሰኞ፣ ከሰዓት በኋላ

እታለም፣ የእናቴ ልጅ፣

ለማንም ነግሬው የማላውቀውን ነገር ልነግርሽ ነው። የባለቤቴ መጭመቂያ፣ ያ የጠረዘውን መጽሐፍ የሚያጠብቅበት ከባድ ብረት፣ አልተሸጠም። ሸጥኩት ያልኩት ውሸቴን ነው። እሱም ተሸጧል ብሎ እንዳመነ ሞተ።

አንቺ የምታውቂው ሌላውን ነው። "እንደ እንቁላል ይዛ አስታመመችው" ሲባል ሰምተሻል፤ ለቅሶው ላይ አንቺም ብለሻል። አንገቴን ደፋሁ። ሰው ትሕትና መሰለው።

ልቡን ሲያመው ሐኪሙ ያዘዘው ከባድ ነገር እንዳይሸከም ብቻ ነበር። አልጋውን የጨመርኩበት እኔ ነኝ። ፈራሁ። መጠረዣ ክፍሉ ከመኝታችን ቀጥሎ እንደነበር ታስታውሻለሽ፤ የሙጫው ሽታ ትራሳችን ድረስ ይመጣ ነበር። ጠዋት ጠዋት "እስቲ ወረቀት እንኳ ልጠፍ፤ ወረቀት ማጠፍ ምን ጉልበት ይፈልጋል?" ይለኛል። "ተኛ" እለዋለሁ። "እሺ መርፌ ላይ ክር ላስገባ?" "ተኛ ብዬሃለሁ!" "አንቺ ሴትዮ፣ ከአልጋው ጋር ጠረዝሽኝ እኮ!" ብሎ ይስቅ ነበር።

አንድ ቀን ከገበያ ስመለስ ግድግዳ ተደግፎ ክፍሉ በር ላይ ደርሶ አገኘሁት። ላብ አጥምቆታል፤ ፊቱ ግን በርቷል። መልሼ አስተኛሁት። በሩን ቆለፍኩና በማግስቱ "መጭመቂያውን ሸጥኩት፤ ከእንግዲህ የሚያስነሣህ ነገር የለም" አልኩት። አልተቆጣም። "የሚያውቅበት ሰው ነው የገዛሽ?" ብቻ አለኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ መለሰ።

ከዚያ ወዲያ ወረቀት ልጠፍ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ማንኪያውን ከእጄ ለመቀበል እጁን መዘርጋት እንኳ ተወ። አደብ ገዛ ብዬ ልቤ አረፈ። ክረምቱ ሳይወጣ ሞተ።

ሐኪሙ የገደለው ልቡ ነው ብሏል። ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ከሞተ በኋላ፣ አንድ ደንበኛ አስጠርዞ ሳይወስደው የቀረ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ነበርና እሱን ማንበብ ያዝኩ። ንባብን የተማርኩት ጠረጴዛው ላይ ከተበተኑ ገጾች ነው፤ እንግሊዝኛውንም እንዲሁ እየዳበስኩ ነው የደረስኩበት። እንግሊዞች ጉልበት ለሚከዳው ሰው ብዙ ግስ አላቸው። ሠርቶ ለዛለው ሌላ፣ ላረጀው ሌላ። አንዱ "ላንጉዊሽ" ይባላል። ይህኛው ሠርቶ ለደከመ ሰው አይነገርም። አንድ ቦታ ተይዞ፣ የሚናፍቀው ነገር ሳይመጣለት፣ ጉልበቱ ቀስ እያለ ለሚያልቅበት ነው። መዝገበ ቃላቱ ምሳሌ ሲሰጥ ፀሐይ ያላገኘች አበባን ያነሣል፤ እስረኛን ያነሣል፤ ቀጥሎ በሽተኛን። እስረኛና በሽተኛ አንድ መስመር ላይ ተጎራብተው ሳይ መጽሐፉን ከደንኩት።

ወደ እኛ ሲመጣ "ማቀቀ" የሚለው ይቀርበዋል። ነገር ግን እኛ ማቀቀ የምንለው በወህኒ ቤት የተጣለውን፣ ችግር የቆራመደውን ነው። ንጹሕ አንሶላ ላይ ተኝቶ፣ ሚስቱ ሾርባ በማንኪያ እያጎረሰችው የማቀቀ ሰው አለ ብንባል እንስቃለን። እኔ ቤት ነበረ።

ይህን ሁሉ የምጽፍልሽ ስለ ባልሽ ነው። ከሚነዳው አውቶቡስ መወጣጫ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወራት አለፉ። አጥንቱ ገጥሟል፣ ይራመድ ብለዋል፤ ይህንንም የነገርሽኝ አንቺው ነሽ። ባለፈው ስደውል ግን "እትዬ፣ ብርጭቆ እንኳ አላስነሣውም! እንደ ንጉሥ ነው የያዝኩት" አልሽኝ። ከኋላሽ ድምፁን ሰማሁት። "ለእትዬ ንገሪያት! ንጉሡ ሽንት ቤት ለመሄድ ደጅ እየጠና ነው በያት!" ሳቅን። እስቲ አቅርቢልኝ ስልሽ "ወሬ ያደክመዋል" ብለሽ ስልኩን ዘጋሽው። እኔ እጄ ላይ እንደያዝኩት ቀረሁ።

ዛሬ ይቀልዳል። ቀልዱን የተወ ቀን ልብሽ ያርፋል፤ እኔ የምፈራልሽ ያንን ዕረፍት ነው።

አትቆጪኝ። ፍቅርሽን አልጠራጠርም፤ የራሴንም ተጠራጥሬ አላውቅም። ቢያቃስት ያቃስት። ብርጭቆ ቢሰብር ይስበር። አውቶቡስ ባይነዳ እንኳ መጋረጃውን ይክፈት፣ ሽንኩርት ይላጥ፣ ማድ ቤትሽ ገብቶ በጨው ይጣላሽ። አትፍሪ አልልሽም። ከኋላው ቆመሽ ፍሪ።

ስልክ ላይ ይህን ሁሉ እንደማታስጨርሺኝ ስለማውቅ ጻፍኩት። ፈጣሪ ለእሱ ጉልበቱን፣ ላንቺ ድፍረቱን ይስጥልኝ። ቤታችሁ ጭቅጭቅና የእግር ኮቴ አይጣ።

ያንቺው እትዬ

እንዳልረሳው፦ የምልከው በአደራ ደብዳቤ ነው። ፖስታ ቤቱ መታወቂያ አይቶና አስፈርሞ ለባለስሙ እጅ በእጅ ይሰጣል እንጂ ወኪል አይቀበልም፤ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ስለዚህ ይህን እያነበብሽ ከሆነ አንድ ጊዜ ደረጃውን ወርዶ፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ ተሰልፎ መጥቷል ማለት ነው። በመንገድ ላይ ከፍቶ ቀድሞሽ ቢያነበውም አይከፋኝም። ፖስታው ላይ የጻፍኩት የባልሽን ስም ነው።